ሁለት አንድ ዓይነት ኤኬ አለኝ፣ ዋጋቸው ግን ለየቅል ነው። ለምን?

ናቲ_ሾላ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጌም የለመድኩት ሰፈራችን በነበረች አንዲት ጌም ቤት ነው። በሰዓት እየከፈልን፣ ተራ እየጠበቅን። በኋላ የራሴን ኮምፒውተር ሳገኝ ተከታዩን ሲኤስ ጎን ጀመርኩ። አሁን ሲኤስ 2 ላይ ነኝ። ስኪን (የጠመንጃውን መልክ ብቻ የሚቀይር ቀለም) ግን ገዝቼ አላውቅም። አምና ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ትዳር ያዘና ጨዋታውን ተወው። ኢንቬንተሪውን፣ ያሉትን የጨዋታ ዕቃዎች ሁሉ፣ ጠቅልሎ ለእኔ ላከልኝ። "እኔ ከእንግዲህ አልከፍተውም፣ አንተ ተጠቀምበት" አለኝ። አርባ ምናምን ዕቃ ነው።

ከውስጡ ሁለት ኤኬ-47 አሉ። ሁለቱም "ኬዝ ሃርደንድ" ናቸው። ሁለቱም ፊልድ ቴስትድ (የመፋቅ ደረጃቸው ነው)፣ ሁለቱም ሮዝ ደረጃ (የብርቅነት ቀለማቸው ነው)። ስቲም በሚባለው የጨዋታው ኩባንያ መድረክ ገበያ ላይ ስማቸው አንድ ነው፣ ፎቷቸውም አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ኢንቬንተሪዬን ሰው እንዲያየው ክፍት አደረግኩት። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ሰው ጻፈልኝ። ስድስቱም የሚፈልጉት አንደኛዋን ብቻ ነው። ሌላኛዋን ዞር ብሎ ያየ የለም። አንዱማ "የገበያውን ዋጋ እጥፍ እሰጥሃለሁ" አለኝ።

ደግሞ አንድ ቢላዋ አለ። ወርቃማ ደረጃ፣ ከሁሉም ብርቅ የሚባለው። የአክስቴ ልጅ ስንት እንደገዛው ነግሮኛል። ዛሬ የዚያን ግማሽ አያወጣም።

ብርቅነት ዋጋን የሚወስን ከሆነ አንድ ስምና አንድ ደረጃ ያላቸው ሁለት ዕቃዎች ለምን ይለያያሉ? ከሁሉም ብርቁስ ለምን ወረደ? ከመሸጤ በፊት ልወቅ።


ዓይነ_ንስር

ናቲ፣ ለጊዜው ለማንም እሺ እንዳትል። በተለይ ለዚያ "እጥፍ" ላለህ ሰው። ማንም ለማያውቀው ሰው በነጻ ደግ አይሆንም። እጥፍ ያለህ የሦስት ወይም የአምስት እጥፍ ዕቃ አይቶ ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ ነገር አድርግ። ሁለቱንም በየተራ ክፈትና ኢንስፔክት በል። ጠመንጃዋን አዙረህ ከላይ በኩል ተመልከት። ከዚያ የጥይት ካዝናዋን እይ። ሰማያዊው የት የት እንዳለ ጻፍልኝ።

እስከዚያው ነገሩን ላስረዳህ። ኬዝ ሃርደንድ የሚባለው ስኪን ብረት በእሳት ሲጠነክር የሚያወጣውን ቀለም የሚመስል ነው። ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ወርቅማ ተደባልቆ። ጨዋታው ውስጥ ይህ ቀለም አንድ ትልቅ ጨርቅ ነው ብለህ አስብ። እያንዳንዷ ኤኬ ከዚያ ጣቃ ላይ ከተለያየ ቦታ ተቀዶ ተሰፍቶላታል። የት ቦታ ላይ እንደተቀደደ የሚናገረው ቁጥር ፓተርን ይባላል። ከ0 እስከ 1000 ይሄዳል። አብዛኛው ቁጥር ላይ ወርቅማና ግራጫ ይበዛል። በጣት የሚቆጠሩት ላይ ግን ሰማያዊው ከላይ እስከ ታች ይለብሳል። እነሱን "ብሉ ጄም" እንላቸዋለን። በኤኬ ዝነኛው ቁጥር 661 ነው። በፈረንጆቹ 2024 አንዲት 661፣ ከ2014ቱ የካቶቪሴ ውድድር ስቲከሮች ጋር፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች ተብሎ ተዘግቧል። ደረጃዋ ያው እንዳንተዋ ሮዝ ነው።

ልብ በል። ጨዋታው ራሱ "ይህቺ ብሉ ጄም ናት" ብሎ አይጽፍልህም። የትም ላይ የለም። ስሙንም ዋጋውንም የሰጡት ነጋዴዎቹ ናቸው። ተሰብስበው አዩ፣ አነጻጸሩ፣ ቁጥር በቁጥር መዘገቡ። ስለዚህ ገበያው ላይ በስም ብቻ የሚገዛ ሰው ሁለቱን ኤኬዎችህን መለየት አይችልም። የጻፉልህ ስድስቱ ሰዎች ግን ይችላሉ።


ኬዝ_አልከፍትም

ዓይነ ንስር ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ቀለሙ ደረጃ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ኬዝ (በሚገዛ ቁልፍ የሚከፈት የዕጣ ሳጥን) ስትከፍት የእያንዳንዱ ደረጃ የመውጣት ዕድል ይታወቃል። በ2017 ቻይና ውስጥ ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ምክንያት የጨዋታው የቻይና አከፋፋይ ይፋ አድርጎታል። ሰማያዊ 79.92 በመቶ። ሐምራዊ 15.98። ሮዝ 3.20። ቀይ 0.64። ቢላዋና ጓንት 0.26። እንግዲህ 10,000 ኬዝ ብትከፍት ቢላዋ ወይም ጓንት የሚደርስህ 26 ጊዜ ገደማ ነው። አንድ ቁልፍ 2.49 ዶላር ነው። ወደ 385 ቁልፍ ለአንድ ቢላዋ ማለት ነው፣ ያውም የማትወደው ቢላዋ ሊሆን ይችላል። ስሜ ለምን እንዲህ እንደሆነ ገባችሁ።

ግን ቀለሙ የሚነግርህ ከኬዝ የመውጣት ዕድሉን ብቻ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ስንት ፍሬ እንዳለ አይነግርህም። ስንት ሰው እንደሚፈልገውም አይነግርህም። በሚሊዮን ከሚከፈት ኬዝ የወጣ ቀይ፣ ከተዘጋ ስብስብ ከወጣ ሐምራዊ ይልቅ በብዛት ሊኖር ይችላል። ቀይ ሆኖ ማንም የማይጠቀምበት ጠመንጃ ላይ የተቀባ ስኪንም አለ። ኤኬ፣ ኤም4 እና ኤደብልዩፒ በየጨዋታው ይያዛሉ። የአንዳንድ ሾትገን ስኪን ግን የፈለገውን ያህል ቢያምር ማን ያየዋል?

ፍሎት የሚባለውም አለ። ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር ነው፣ ዕቃው ምን ያህል እንደተፋቀ የሚናገር። ዕቃው ሲፈጠር አንዴ ይሰጠዋል፣ ስትጫወትበት አይጨምርም። እስከ 0.07 ፋክተሪ ኒው፣ እስከ 0.15 ሚኒማል ዌር፣ እስከ 0.38 ፊልድ ቴስትድ፣ እስከ 0.45 ዌል ዎርን፣ ከዚያ በላይ ባትል ስካርድ። 0.0699 እና 0.0701 ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በዓይን አትለያቸውም። ስማቸው ግን ይለያያል፣ ዋጋቸውም ከስማቸው ጋር ይለያያል።

ደግሞ ተገላቢጦሹም አለ። አሲሞቭ የሚባለው የኤደብልዩፒ ስኪን ከ0.18 በታች ፍሎት የለውም፣ ስለዚህ ፋክተሪ ኒው የሚባል አሲሞቭ የለም። ከላይ በኩል ወደ 1 ሲጠጋ ደግሞ መነጽሩ ላይ ያለው ቀለም ሙሉ በሙሉ ተልጦ ጥቁር ይሆናል። ያንን ጥቁሩን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ከተለመደው ባትል ስካርድ የበለጠ ይከፍሉበታል። በጣም ያረጀው ተወደደ ማለት ነው።


ናቲ_ሾላ

አየሁት! አንደኛዋ ከላይ በኩል ከኋላ ጀምሮ እስከ ግማሽ ድረስ ጥርት ያለ ሰማያዊ ናት። ካዝናዋ ግን ወርቅማና ወይን ጠጅ ይበዛበታል። ሁለተኛዋ ከላይ ግራጫ፣ ጎኗ ቢጫ። ሰማያዊ ካዝናዋ ጫፍ ላይ ጠብ ብሏል እንጂ የለም። ለአንድ ዓመት እጄ ላይ ነበሩ። አንድም ቀን ከላይ በኩል አላየኋቸውም ነበር።

የፓተርን ቁጥሯን በግል ልኬልሃለሁ ዓይነ ንስር።


ዓይነ_ንስር

ደርሶኛል። 661 አይደለችም፣ ሕልም እንዳታይ። ግን ጥሩ ናት። ከላይ ሰማያዊ መሆኗ ዋናው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ስትጫወት ስክሪንህ ላይ የሚታይህ እሱ ነው። ካዝናዋ ወርቅማ መሆኑ ቀንሶባታል። ከገበያው ዋጋ እጥፍ በላይ ታወጣለች። ግን ለእሷ የሚመጥን ገዢ እስኪመጣ መጠበቅ ይኖርብሃል።

መጠበቁን ቀላል አታድርገው። እኔ ራሴ የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በፍሎት በጣም ዝቅተኛ የሆነ አንድ ሽጉጥ ገዛሁ። በዓለም ላይ ከእሱ ያነሰ ፍሎት ያላቸው አራት ብቻ ነበሩ። "ከዚህ በላይ ብርቅ የት አለ?" ብዬ ከገበያው አሥር እጥፍ ከፈልኩ። ስምንት ወር ለሽያጭ አስቀመጥኩት። ሦስት ሰው ብቻ ጠየቀኝ። ሦስቱም የተለመደውን ዋጋ ነው ያቀረቡት። ዕቃው እውነት ብርቅ ነበር። ፈላጊው ግን ከዕቃው የባሰ ብርቅ ሆነብኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ፍሬ አለ ብዬ ከመጠየቄ በፊት፣ ዛሬ ማታ ለመሸጥ ብፈልግ ማን ይገዛኛል ብዬ እጠይቃለሁ።


ሃይፋ_ላይ

እኔ ደግሞ የመጣሁት ከቲም ፎርትረስ 2 ነው፣ የዚሁ ኩባንያ ሌላ ጌም። እዚያ ከ2011 ጀምሮ ባርኔጣ ስለዋወጥ ነው ያደግኩት። አሁን ሃይፋ ነው የምኖረው፣ ያኔ ወታደር ቤት ሳልገባ ነበር። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የብርቅነትን ነገር የሚያሳይ ስለሆነ።

እዚያ ጨዋታ ውስጥ ገንዘባችን ብረት ነበር። የማትፈልጋቸውን ጠመንጃዎች ታቀልጣለህ፣ ስክራፕ ታገኛለህ። ሦስት ስክራፕ አንድ ሪክሌምድ፣ ሦስት ሪክሌምድ አንድ ሪፋይንድ ይሆናል። ከብረቱ በላይ ያለው ገንዘብ የኬዝ ቁልፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ቁልፍ በጥቂት ሪፋይንድ ይገዛ ነበር። ዛሬ ከ50 ሪፋይንድ ያልፋል። ቁልፉ ምን ተለወጠ? ምንም። ኩባንያው የሚሸጥበት ዋጋ ያው 2.49 ዶላር ነው። የተለወጠው ብረቱ ነው። ቀን ከሌት ጨዋታውን ከፍተው የሚተዉ፣ ጠመንጃ እየሰበሰቡ የሚያቀልጡ መዓት አካውንቶች መጡ። ብረት እንደ አሸዋ በዛ። ብረት ያጠራቀመ ተጎዳ፣ ቁልፍ ያስቀመጠ ዳነ።

ሌላው የ2019 ሐምሌ ነው። የአሮጌ ሳጥኖች ኮድ ውስጥ ስህተት ገባ። አንዳንድ ሳጥኖች በከፈትካቸው ቁጥር "አንዩዥዋል" ባርኔጣ ይሰጡ ጀመር። በተለመደው ጊዜ አንዩዥዋል ከመቶ አንድ እንኳ አይወጣም። ያን ሌሊት በየሰከንዱ ይወጣ ነበር። እኔ ለሁለት ዓመት ያጠራቀምኩበት ባርኔጣ ነበረኝ። ጓደኛዬ ደውሎ "ተነስ፣ ተነስ፣ ሁሉ ነገር እየወደቀ ነው" አለኝ። ተነስቼ ሳይ ለባርኔጣዬ ዋጋ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሻጭ ሆኗል። ኩባንያው በኋላ ከስህተቱ የወጡትን አብዛኞቹን እንዳይሸጡ አገደ፣ ዋጋውም ቀስ ብሎ ተመለሰ። ያን ሌሊት ግን አልረሳውም። ብርቅ የምንለው ነገር ሰው የሚጽፈው አንድ መስመር ኮድ ላይ የቆመ ነው።


ጠገራ_ሰብሳቢ

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ጌም አልጫወትም። ይህን ውይይት ልጄ ነው ያሳየኝ፣ ብዙ ዓመት አሮጌ ሳንቲም ስለምሰበስብ። ስለ ሁለቱ ጠመንጃዎች ስትነጋገሩ ሳነብ የራሴን ነገር ያነበብኩ መሰለኝ።

የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁሉም ላይ 1780 ተብሎ ተጽፏል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ ተመትቷል። ቪየና ተመትቷል፣ በ1930ዎቹ ሮም ተመትቷል፣ ለንደንም ቦምቤይም ተመትቷል። ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ናቸው። ሁሉም ወደ 28 ግራም ይመዝናሉ። እኔ ግን የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ አያለሁ፣ እንቁዎቹን እቆጥራለሁ፣ በጀርባው ያለውን የንስሩን የጭራ ላባ አያለሁ። የድሮ ሰዎችም እንቁው ካልተሟላ ብሩን አልቀበልም ይሉ ነበር። አንድ ስም፣ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ዋጋው ግን ለሚያውቅ ሰው ይለያያል።

አሞሌውም እንደዚያው ነበር። ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር ሲነሳ ርካሽ ነው። ግመልና በቅሎ ጭኖት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። የተሸረፈ አሞሌ ደግሞ በሙሉ ዋጋ አይሄድም። ያ ፍሎት ያላችሁት ነገር ይሄው አይደለም? ልጄ እንደዚያ ሲተረጉምልኝ ደስ አለኝ።


ዓይነ_ንስር

ጋሼ፣ ፍሎት ማለት በትክክል እሱ ነው። ስለ ላባው ይጻፉልን እባክዎ። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። ጠገራውን በእጅዎ ይዘውታል። የእኛ ዕቃ የኩባንያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። የስቲምን ውል ያነበበ ሰው ያውቃል፣ ዕቃው የአንተ ነው አይልም። የመጠቀም ፈቃድ ነው የሚልህ።

ወደ ናቲ ቢላዋ የሚያደርሰንም ይሄው ነው። ናቲ፣ የአክስትህ ልጅ ቢላዋውን የገዛው ከ2025 ኦክቶበር በፊት ነው አይደል?

ድሮ "ትሬድ አፕ" የሚባለው ነገር እንዲህ ነበር። የአንድ ደረጃ አሥር ስኪን ትሰጣለህ፣ ከበላዩ ያለ አንድ ስኪን ይሰጥሃል። ቀይ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ቢላዋና ጓንት የሚገኘው ከኬዝ ብቻ ነበር። ለአሥራ ሁለት ዓመት፣ ስኪን ከተጀመረበት ከ2013 ነሐሴ አንስቶ፣ እንደዚያ ነበር። ሰው ቢላዋ የሚገዛው እንደ ወርቅ ሊያስቀምጠው ነበር።

በኦክቶበር 22 ቀን 2025 ማሻሻያ መጣ። አምስት ቀይ ስኪን ብትሰጥ ቢላዋ ወይም ጓንት ይሰጥሃል ተባለ። በቃ። አንድ አንቀጽ ነው። እኛ ጋ ገና ሊነጋጋ ነበር። ዓይኔን ገልጬ ስልኬን ሳነሳ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ከአራት መቶ በላይ መልእክት ነበር። የገበያው ጠቅላላ ዋጋ በአንድ ቀን ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወረደ። ቢላዋ ተፈጠፈጠ። ትናንት ማንም ያልፈለገው ቀይ ስኪን ደግሞ እሳት ሆነ፣ ምክንያቱም አሁን የቢላዋ ማገዶ ነው። ሰው ቀዩን ሁሉ ጠራርጎ ገዛ።

ናቲ፣ የቢላዋህ ፍሬ ያን ሌሊት አልበዛም። በዓለም ላይ ያለው ቁጥር ያው ነበር። የተለወጠው ነገ ስንት ሊፈጠር እንደሚችል ነው። ገበያው የሚከፍለው ለነገ ጭምር ነው።


ኬዝ_አልከፍትም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቃወም። ኩባንያው ሁሌ ዋጋ ያወርዳል ማለት አይደለም። ሃውል የሚባለውን የኤም4ኤ4 ስኪን አስታውሱ። በ2014 ሥዕሉ ከሌላ ሰው የተሰረቀ መሆኑ ታወቀ። ኩባንያው ሥዕሉን ቀየረው፣ ከኬዝ አወጣው፣ "ኮንትራባንድ" የሚል የራሱ ደረጃ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ አንድም አዲስ ሃውል አልወጣም። ሰው አካውንቱ ሲዘጋ፣ ሲጠፋ፣ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዛሬ ከብዙ ቢላዋ ይበልጣል።

የካቶቪሴ ስቲከሮችም እንደዚያው ናቸው። ጠመንጃ ላይ የለጠፍከውን ስቲከር አንስተህ ሌላ ላይ አትለጥፈውም። መፋቅ ብቻ ነው የሚቻለው። በ2014 ሰው በሳንቲም እየገዛ እንደ ቀልድ ለጥፎ ፋቀው። ከቀሩት ያልተለጠፉት አንዳንዶቹ ዛሬ የመኪና ዋጋ ያወጣሉ። ብርቅ የሆኑት ያኔ ማንም ብርቅ ስላላላቸው ነው።


የዳላሷ_እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ጠመንጃውን ባላውቅም የገባኝ ነገር ስላለ ልጠይቅ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሮብሎክስ ላይ "አዶፕት ሚ" የሚባል የቤት እንስሳ ጨዋታ ይጫወታል። ቀጭኔ ነበረችው። ትልቅ የአጎቱ ልጅ ናት የሰጠችው። ባለፈው ቅዳሜ ከሌላ ልጅ ጋር ተለዋወጠ። ሁለቱም "ሌጀንደሪ" ናቸው ብሎ፣ ያውም ሁለት ተሰጠኝ ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ማታ ጓደኞቹ "ተበላህ" አሉት። ራት አልበላም፣ እያለቀሰ ተኛ። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ ተቆጣሁት። አሁን ስታወሩ ሳነብ ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። በእውነት ተበልቷል?


ሃይፋ_ላይ

እህቴ፣ እናዝናለን። አዎ፣ ተጎድቷል። ግን ልጅዎ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ጽሑፉን አምኖ ነው።

"ሌጀንደሪ" የሚለው ቃል እንስሳው ሲፈለፈል የነበረውን ዕድል ነው የሚናገረው። ቀጭኔዋ በ2019 ከወጣ የሳፋሪ እንቁላል የተገኘች ናት። ያ እንቁላል ከገበያ ወጥቷል። የተሰጡት ሁለቱ ምናልባት ዛሬም ከሚሸጥ እንቁላል የሚወጡ ይሆናሉ። ቃሉ አንድ ነው፣ አንዷ ግን ምንጯ ደርቋል፣ የሌሎቹ ይፈሳል።

በዚያ ላይ እዚያ ጨዋታ ውስጥ አራት ያደጉ አንድ ዓይነት እንስሳት አንድ ላይ ሆነው አንድ "ኒዮን" ይሆናሉ። አራት ኒዮን ደግሞ አንድ "ሜጋ"። አንድ ሜጋ ቀጭኔ ሲሠራ አሥራ ስድስት ቀጭኔ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥራቸው በየቀኑ ይመነምናል። አዲስ ደግሞ አይመጣም።

ለልጅዎ ሦስት ነገር ይንገሩት። ከመለዋወጡ በፊት "ይህ እንስሳ ዛሬም ይገኛል ወይ?" ብሎ ይጠይቅ። "መጀመሪያ አንተ ስጠኝ፣ ከዚያ እኔ እሰጥሃለሁ" ላለው ሰው በፍጹም እሺ አይበል። በእውነተኛ ገንዘብ ልግዛህ ያለውን ደግሞ ለእርስዎ ያሳይ፣ የሮብሎክስ ሕግም ይከለክለዋል።


የዳላሷ_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ጨዋታ ነው ብዬ መቆጣቴን አሁን ተጸጸትኩ። ማታ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።


ሌሊት_ፈረቃ

እኔ ስለ ገበያው ሳይሆን ስለ ሌባው ልናገር። ናቲ ኢንቬንተሪውን ክፍት አድርጎ ስድስት ሰው ስለጻፈለት ፈራሁለት።

እኔ ዱባይ የሆቴል ሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። የስድስት ወር ቁጠባዬ ጓንት ላይ ነበር። አንድ ሰው በጣም በትሕትና "ለቡድናችን ድምጽ ስጥልን" ብሎ ሊንክ ላከልኝ። ገጹ የስቲምን መግቢያ ቁርጥ ነው። ገባሁ፣ ምንም አልሆነም፣ ረሳሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓንቱን ለማውቀው ልጅ ልሸጥ ትሬድ (የዕቃ ልውውጥ ጥያቄ) ላክሁ። ስልኬ ላይ ማረጋገጫው መጣ። የልጁ ስም ነው፣ የልጁ ፎቶ ነው። አጽድቅ አልኩ። ልጁ "አልደረሰኝም" አለ። ያ ሰው በዚያ የውሸት ገጽ በኩል በአካውንቴ ላይ ኤፒአይ ቁልፍ (ትሬዶቼን ከውጭ ሆኖ ለማየትና ለመሰረዝ የሚያስችል ኮድ) አውጥቶ ነበር። የላክሁትን ትሬድ ሰርዞ የልጁን ስምና ፎቶ ከለጠፈ የራሱ አካውንት ተመሳሳዩን ላከ። እኔ በገዛ እጄ አጸደቅኩት። ስቲም የተሰረቀ ዕቃ አይመልስም ነበር። አልተመለሰም።

ያኔ የሆቴሉ መተላለፊያ ላይ ስልኬን ይዤ የቆምኩበት ቦታ ዛሬም ሳልፍ ይሰማኛል።

አሁን ከ2025 ሐምሌ ወዲህ የተሻለ ነገር አለ። ትሬድ ከተደረገ በኋላ ሰባት ቀን ዕቃው ጥበቃ ውስጥ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ መመለስ ይቻላል። ግን በሰባት ቀን ውስጥ ማወቅ አለብህ። ናቲ፣ ስታጸድቅ ስምና ፎቶ አትይ። የዚያኛው አካውንት የተመዘገበበትን ቀንና ደረጃውን እይ። ስምና ፎቶ በአንድ ደቂቃ ይቀየራል። የአካውንት ዕድሜ አይቀየርም።


ናቲ_ሾላ

ሌሊት ፈረቃ፣ አይዞህ ወንድሜ። የኤፒአይ ቁልፍ ገጹን ከፍቼ አየሁ፣ ባዶ ነው። የይለፍ ቃሌንም ቀየርኩ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እዚሁ የስቲም ገበያ ላይ ብሸጣት ምን አለበት? ሌላው ሁሉ አስፈራኝ።


ኬዝ_አልከፍትም

የተለመዱትን እዚያው ሽጥ። ሰማያዊዋን ግን አትሽጥ። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ገዢው 115 ዶላር ከከፈለ አንተ የምታገኘው 100 ነው። አምስቱ የስቲም፣ አሥሩ የጨዋታው ነው። ያም ገንዘብ ከስቲም ቦርሳ አይወጣም። ወደ ባንክ አይሄድም፣ ወደ ቴሌብር አይሄድም። ሌላ ጨዋታ ወይም ሌላ ስኪን ብቻ ትገዛበታለህ። ለዚህ ነው "የስቲም ዋጋ" እና "የጥሬ ገንዘብ ዋጋ" የሚባሉ ሁለት ዋጋዎች ያሉት። ሰው የቱን እንደሚያወራህ ሳትጠይቅ አትደራደር።

ሁለተኛ፣ እዚያ ገበያ ላይ ሰው በስም ነው የሚገዛው። ሰማያዊዋን ከሌሎቹ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ታስቀምጣታለህ፣ የሚያውቅ ሰው በደቂቃ ያነሳታል። እንደ እሷ ያለ ዕቃ ፓተርን ከሚያዩ ሰዎች ጋር ነው የሚሸጠው።


ናቲ_ሾላ

እሺ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ። አሥር ቀን አለፈ።

ተራውን ኤኬና ሌሎች ሠላሳ ምናምን ዕቃዎች ስቲም ገበያ ላይ ሸጥኩ። በገንዘቡ ለታናሽ ወንድሜ አንድ ጨዋታ ገዛሁለት፣ የቀረው እዚያው አለ። ቢላዋውን አልነካሁትም። በወረደ ዋጋ ከምሸጠው ልጫወትበት።

ሰማያዊዋን ልሸጥ ከአንድ ሰው ጋር ተስማምቼ ነበር፣ በአራት እጥፍ። ዓይነ ንስር ዋጋውን አይቶ "ጥሩ ነው" ብሎኛል። ከማጽደቄ በፊት ለአክስቴ ልጅ ልንገረው ብዬ ደወልኩ። የእሱ ዕቃ ስለነበረች ግማሹን ልልክለት አስቤ ነው። ስለ ኤኬዋ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ "ከላይ ሰማያዊዋን ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እሷን እኮ እኔ ነኝ የመረጥኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስገባ አንድ በአንድ እያየሁ። ያኔ ለብቻዬ ነበር የምኖረው" አለ። ዋጋዋን ነገርኩት። "ከፈለግህ ሽጣት፣ የሰጠሁህ ዕቃ ነው" አለኝ። ድምጹ ግን እንደዚያ አላለም።

ለገዢው ይቅርታ ጠይቄ ሰረዝኩት። ዛሬ ማታ ለአክስቴ ልጅ መልሼ እልካታለሁ። ስቲሙን እንደገና አውርዷል።


ዓይነ_ንስር

ጥሩ አደረግህ። ስልክህ ላይ የስቲም ማረጋገጫ መኖሩን አስቀድመህ እይ፣ ዕቃ የሚሰጠው ሰው ከሌለው ትሬዱ እስከ አሥራ አምስት ቀን ሊያዝ ይችላል። ከደረሰችው በኋላም ሰባቱ ቀን እስኪያልፍ ለሌላ ሊያስተላልፋት አይችልም፣ ምንም እንዳይደነግጥ። ኢንስፔክት ሲላት ከላይ በኩል ፎቶ አንስቶ እዚህ ይለጥፍልን።